እንከን ያልተገኘበት ጫማ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ መሬቱ የተስተካከለ፣ ውሃው የቀረበ፣ ቁጣዎም ልኩን ያላለፈ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እጄም ደህና ናት፤ ዓይኔም ክርና መርፌ ለማገናኘት ገና አልለገመም።

ጫማውን ልኬያለሁ። ባለፈው ጥንድ ላይ የጻፉልኝን ነቀፋ ሁሉ አንድ በአንድ አርሜዋለሁ። የግራው ምላስ ከእንግዲህ ወደ ጎን አይንሸራተትም። የማሰሪያው ቀዳዳዎች ትይዩ ናቸው፤ እርስዎ በማስመሪያ እንደሚለኳቸው ስለማውቅ እኔም በማስመሪያ ለክቻቸዋለሁ። ያን ጊዜ እግርዎን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ነድፈው፣ ከሥሩ «ከዚህ ዝንፍ እንዳትዪ» ብለው የላኩልኝን ሥዕል አልጣልኩትም። በእሱ ልክ የተቀረጸው የእንጨት ፎርማ መደርደሪያዬ ላይ ነው። አቧራውን ስጠርግለት እግር ሳይሆን እርስዎ ራስዎ ቆመው የሚታዘቡኝ ይመስለኛል።

ሽማግሌው፣ የወርክሾፓችን አለቃ፣ አንድ ሕግ አለው፤ እጁ ያልገባበት ጫማ ከዚህ ቤት አይወጣም። ዓይኑን ጨፍኖ ውስጡን በጣቶቹ ይዳስሳል፤ ከዚያ ወይ «ይሂድ» ወይ «ይፍረስ» ይላል። የእርስዎን ግን አላሳየሁትም። ይህ ሸቀጥ አይደለም፣ የወንድሜ ነው ብዬ ከፎርማው እንዳወጣሁት በቀጥታ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ደግሞስ ከእርስዎ ተረከዝ የባሰ መርማሪ የት ይገኛል?

አሁን ወደ ልመናዬ። እዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛውን ሁሉ ሐኪም ያየዋል። ዘንድሮ የእኔ ተራ ሲደርስ አባቴ በምን እንደሞተ ጠየቀኝ። እግሩን ማሽን ቆርጦት፣ ሳያገግም ሞተ አልኩ። «ምን ዓይነት ማሽን?» አለኝ። ለካ አላውቀውም። ያኔ እኔ አክስታችን ዘንድ ነበርኩ፤ አጠገቡ የነበሩት እርስዎ ነዎት። እባክዎ እንዴት እንደደረሰበት ይጻፉልኝ። ሐኪሙ ለምን እንደጠየቀኝ ሌላ ጊዜ አጫውትዎታለሁ።

ታናሽዎ፣
ቁንጫ


ኅዳር 12

ለቁንጫ፣

ምኞትሽ ደርሶኛል። መሬቱ የተስተካከለ አይደለም፤ ውሃውም ሩቅ ነው። ቁጣዬ ግን ልክ ነው፣ አመሰግናለሁ።

የምንዘረጋው የውሃ መስመር ከምንጩ ተነስቶ ያለ ሞተር፣ በራሱ ቁልቁለት ከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ድረስ መድረስ አለበት። ይህ ማለት ቦዩ በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ትንሽ መውረድ አለበት ማለት ነው። የታችኛውን ክፍል የቆፈሩት ሰዎች ግን መሃል ላይ አጉብጠውታል። ለክቼ አሳየኋቸው። አቶ ይሁን እንጂ ያልኩሽ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ቦዩ ጫፍ ላይ በሚያብረቀርቅ ጫማው ቆመና «ልክ ነህ፤ ይሁን እንጂ ጊዜ የለንም» አለኝ። «ውሃ ይሁን እንጂ አያውቅም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ ወንበር ሊሰጠኝ ይፈልጋል። ከስተሃል፣ ዕረፍት ያስፈልግሃል ይለኛል። እኔ ወንበር ላይ በተቀመጥኩ ማግስት ቦዩ በአፈር ይደፈናል። ስለዚህ አልቀመጥም።

መክሳቱንስ ከስቻለሁ፤ ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቻለሁ። በእግሩ የሚሠራ ሰው መክሳቱ ምን ይገርማል? ዘንድሮ ፀሐዩ ለጉድ ነው። ሁለት ኮዳ ውሃ ይዤ ወጥቼ ባዶ ይዤ እመለሳለሁ። ጢሙ፣ የልኬት ዘንጉን የሚይዝልኝ ሰው፣ «ጋሼ፣ የከተማውን ውሃ ገና ቧንቧ ሳይገባ ጨረሱት እኮ» ይለኛል። የቅየሳ መሣሪያዬም አርጅቷል፤ መነጽሩ ደብዝዞ ዘንጉ ላይ ያለውን ቁጥር ያጭበረብርብኛል። ጢሙ «እኔ ጥርት አድርጌ አየዋለሁ» ይላል። ውሸታም።

የመጋዘን ኃላፊው ደግሞ ስኳር አለብህ ተብሎ ሥራ ፈቶ ቤቱ ተቀምጧል። ሆዱን ቢገዛ ኖሮ አይደርስበትም ነበር።

አሁን ወደ ጫማሽ። ከደረሰኝ ዕለት ጀምሮ ከእግሬ አልወለቀም። እንከን ፈለግሁ፤ አጣሁ። እንዳደረግሁት እንኳ አይታወቀኝም። ይህን ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አስቀምጪው። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የውስጡ ቆዳ ቀለም ይለቃል። የቀኝ ካልሲዬ ተረከዝ ቀይ ቡናማ እየሆነ አጣቢዋ ተጣልታኛለች። ሁለተኛ ርካሽ ቀለም አትጠቀሚ።

ስለ አባታችን የጠየቅሽኝ፤ ማሽን ነው ተብሏል፣ ማሽን ነው። የሞተን ሰው በወረቀት አትቀስቅሺው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ጋሼ፣

ሰላምታውን ለኋላ ላቆየው። ይህን ቆመው እያነበቡ ከሆነ ይቀመጡ። የቀኝ ጫማዎን ያውልቁና እጅዎን አስገብተው ተረከዙን ይዳስሱ። ቀስ ብለው፤ ይወጋል።

ደብዳቤዎን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። «እንከን አጣሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ለጎረቤቴም አነበብኩላት። ከዚያ ቀለም ይለቃል የሚለው መጣ።

ያ የውስጥ ቆዳ ቀለም የለውም ጋሼ። ነክቶትም አያውቅም። እርስዎ የቀለም ሽታ ስለማይወዱ ሆን ብዬ ነጩን ነው የመረጥኩት።

ፎርማዎን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ጫማ ስንሠራ የውስጡን ንጣፍ በትንንሽ ሚስማር ፎርማው ላይ እንመታዋለን፤ ፎርማው ከመውጣቱ በፊት ሚስማሩ ሁሉ ይነቀላል። አንዱ ከተረሳ ሹሉ ወደ ላይ፣ ወደ እግር እንደቆመ ይቀራል። የእርስዎ ፎርማ ቀኝ ተረከዝ ላይ ከሚስማሩ ቀዳዳ የሚጀምር ረጅም አዲስ ጭረት አለ። ፎርማውን ስጎትተው ሚስማሩ እንጨቱን እየቀደደ በቦታው ቀርቷል ማለት ነው። የሽማግሌው እጅ ገብቶበት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ይገኝ ነበር።

ፎርማውን ለሽማግሌው አሳየሁት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየውና «ሰውዬው አልጮኸም?» አለኝ።

«አልጮኸም።»

«ለማሰሪያ ቀዳዳ የሚጮህ ሰው ነው ያልሽኝ።»

«አዎ።»

ፎርማውን መለሰልኝ፤ የዚያን ቀን ሥራ አላዘዘኝም።

ቢሮዎ ደወልኩ። ያነሳው ሰው «ልክ ነሽ፤ ይሁን እንጂ ሳይት ላይ ነው» ሲለኝ ማን እንደሆነ አወቅሁት። ጫማውን እንዳያደርጉ ይንገሩልኝ ብዬዋለሁ። መንገሩን እንጃ።

ይስደቡኝ። እጄን ቢቆርጧት ይገባታል። ግን ይንገሩኝ፤ ሚስማር ተረከዝዎ ውስጥ እየገባና እየወጣ ያን ሁሉ መንገድ ሲሄዱ እንዴት አላወቁም? ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ቁስሉን ብቻ ሳይሆን ደምዎንም ያሳዩ። ስለ አባታችንም ይጻፉልኝ።

እህትዎ


ታኅሣሥ 28

ለእህቴ፣

ሚስማሯን አግኝቻታለሁ። በጉጠት ነቅዬ ክብሪት ቤት ውስጥ አስቀምጫታለሁ። የሩዝ ፍሬ ታህላለች። በእሷ ምክንያት ባሕር ማዶ ለቅሶ መቀመጥሽ ይገርመኛል።

ተረከዜ ላይ ሽምብራ የምታህል ቀዳዳ አለች። ዙሪያዋ ነጭ ነው፤ አታመኝም። የማያም ነገር ቁስል አይባልም። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲረግጥ የኖረ እግር ቆዳው ይደነድናል፤ ለዚህ ሐኪም አያስፈልገውም። በጨርቅ አስሬ ሥራዬን ቀጥያለሁ።

ያናደደኝ ሚስማሩ አይደለም፤ ስልኩ ነው። አቶ ይሁን እንጂ መልእክትሽን ለእኔ አልነገረኝም። ለስብሰባው ነው የነገረው። «እህቱ ከባሕር ማዶ ደውላ ጫማ አታድርግ ብላዋለች፤ ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ቢሮ ቢቀመጥ» አለና አሳቀብኝ። አየሽ ምን እንዳደረግሽልኝ? ሐኪም ቤት ብሄድ አንድ ወረቀት ይሰጡኛል፤ ወረቀቱ የእኔ ሳይሆን የእሱ ይሆናል። ቦዩ ሳይታረም ከዚህ ንቅንቅ አልልም። የሚጠጣ ውሃ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ የእኔ ተረከዝ ወረፋውን ይጠብቅ።

ደግሞ «ደምዎን ያሳዩ» ስትዪ ልትዪ የፈለግሽው ገብቶኛል። ስኳር የሆዳምና የሰነፍ በሽታ ነው። እኔ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ከዚህ ሳይት ሠራተኛ ሁሉ ይልቅ በእግሬ እሄዳለሁ። በጫማ ቆዳ ሕክምና አትማሪብኝ።

ሁለተኛም ስለ አባታችን አትጠይቂኝ። ለአንድ ቤት አንድ እግር ይበቃል።

ወንድምሽ


ጥር 19

ወንድሜ፣

ለዚህ ደብዳቤ ብቻ አንቱታውን አስቀምጬዋለሁ። አንቱ እያልኩ ልልህ የምፈልገውን ማለት አልቻልኩም። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩ።

«ለአንድ ቤት አንድ እግር ይበቃል» ብለህ ጻፍክ። እሺ። ማሽን የቆረጠው እግር ከአንተ ሚስማር ጋር ምን አገናኘው? በስኳር ተናድደህ ስትጽፍ አባታችን እንዴት መጣብህ? እኔ ልጅ አይደለሁም። ታውቃለህ፤ እያወቅህ ነው የምትደነፋው።

ሐኪሙ ያን ጥያቄ ለምን እንደጠየቀኝ ልንገርህ። የእኔም ደም ውስጥ ስኳሩ ከልኩ በላይ ሆኗል። ገና ደጃፍ ላይ ነው፤ አልገባም፤ ከተጠነቀቅሁ ላይገባ ይችላል። እኔ ሆዳም ነኝ? ሰነፍ ነኝ? ቀኑን ሙሉ ቆሜ ቆዳ የምወጥር ሴት! በል ስደበኝ እስኪ፤ እኔንም እንደ መጋዘን ኃላፊው ስደበኝ።

ስኳሩ ደም ውስጥ በዝቶ ለዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ቀስ እያለ ይገድለዋል። መጀመሪያ ጣቶቹን፣ ከዚያ ወደ ላይ። ስለዚህ አያምህም። የማያመው ቁስል ደህና የሆነው አይደለም፤ የሚነግርህ ያጣኸው ነው። ጥሙም፣ መክሳቱም፣ የደበዘዘው መነጽርህም የዚያው ዘመዶች ናቸው። መሣሪያው አላረጀም። ጢሙ ውሸታም አይደለም።

አታምነኝም። ያልለካኸውን አምነህ አታውቅም። እንግዲያው ለካ! ጫማህን አውልቅ፤ ዓይንህን ሸፍን፤ ጢሙ በሣር ጫፍ የእግርህን ጣቶች አንድ በአንድ ይንካልህ። የተነካውን ጣት ጥራ። ሁሉንም ካወቅህ ጫማውን ቀቅዬ እበላዋለሁ፤ ከነሶሉ፣ ሽማግሌው እያየኝ። ካላወቅህ ግን የተሰበረ መሣሪያ ይዘህ ነው ሳይት የምትወጣው። እንዲህ የሚያደርግ ቀያሽ ብታገኝ ምን ትለው ነበር? ስድቡን ልጻፍልህ ወይስ ራስህ ታስታውሰዋለህ?

ቦዩን ማን ያርመዋል ትላለህ። አንድ እግር ያለው ሰው ያርመዋል?

ቁንጫ


የካቲት 22

ለእህቴ፣

እጄ ደህና ናት። ዓይኔ እየጠራ ነው። እግሬ ትራስ ላይ ተጋድሞ ያየኛል። ይህን የምጽፍልሽ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው።

ደብዳቤሽን ቀድጄ ልጥለው ነበር። ስድብሽ አልነበረም ያቃጠለኝ፤ «የተሰበረ መሣሪያ» ያልሽው ነው። ሞኝ መሆንሽን በቁጥር ላሳይሽ ቆርጬ ጢሙን ጠራሁትና ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን በፎጣ አሰርኩ።

«የነካኸውን ጣት እጠራልሃለሁ» አልኩት።

«ቢኮረኩርዎስ?»

«እስቃለሁ። ጀምር።»

ጠበቅሁ። ወፍ ይንጫጫል፤ ከሩቅ አንድ ሰው ዶማ ይስላል። ጠበቅሁ።

«አንተ ሰው፣ ጀምር እንጂ! ሥራ አለብኝ።»

ፎጣውን ገለጥሁት። ጢሙ ሣሩን እንደያዘ ተንበርክኮ ያየኛል። በነገር ሁሉ የሚቀልደው ሰውዬ ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ጨርሻለሁ እኮ። ሁለት ጊዜ።»

በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ችካል ላይ «ይህ ቦይ ልክ አይደለም» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌ ከነፊርማዬ ቦዩ አፍ ላይ ተከልኩት።

ሐኪሟ ገና ልጅ የምትመስል፣ እንደ እኔው ቁጡ ናት።

«ውሃ ይጠማዎታል?»

«ሥራዬ ፀሐይ ላይ ነው።»

«ከስተዋል?»

«ሥራዬ በእግር ነው።»

«ዓይንዎስ?»

«መሣሪያው አርጅቷል።»

«ለሁሉም መልስ አለዎት» አለችኝ። «ደምዎ ግን ሌላ መልስ ሰጥቶኛል።»

ተሳስተሻል፣ ድገሚው አልኳት። ደገመችው። ስኳር አልበላም፣ አልወፈርኩም፣ ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ ይልቅ እሄዳለሁ ብዬ ጮህኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝና ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። ስኳር የሚመጣው ከስኳር ብቻ አይደለም፤ ከዳቦውም ከድንቹም ከሩዙም ነው። ወደ ሥጋችን እንዲገባ የሚያደርገው ኢንሱሊን የሚባል ቆሽት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። የእኔ ሥጋ ለኢንሱሊኑ በወጉ አልታዘዝ ብሏል፤ ቆሽቴም እሱን ለማሸነፍ ሲታገል ኖሮ ደክሟል። ስኳሩ መግቢያ አጥቶ ደም ውስጥ ይዞራል። ውፍረትና መቀመጥ ያባብሱታል፤ ግን ቀጭኑንም ይይዛል፤ ዘርም ትልቅ ድርሻ አለው። «መሄድዎ ነው ያዘገየልዎ» አለችኝ። «ባይሄዱ ኖሮ ከዓመታት በፊት እንገናኝ ነበር።» ከዚያ ያንቺን ጥያቄ ጠየቀችኝ። አባትዎስ?

ማሽን አልነበረም።

የብርድ ወራት ነበር። አባታችን ከሥራ መጥቶ እግሩን ምድጃው አጠገብ ዘርግቶ ጋዜጣ ያነባል። እኔ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራ እሠራለሁ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ቀና ስል ካልሲው ይጨሳል። አባታችን ገጽ ገለበጠ። «አባዬ እግርህ!» ብዬ ስጮህ ደንግጦ ያየው እኔን ነው፤ እግሩን አላየም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ምክንያቱን ነው የማታውቂው። ሐኪሞቹ ስኳር ነው አሉት። ያን ጊዜ ስኳር የሀብታም በሽታ ይባል ነበር። «ቤቱ ጠግቦ ሳያድር ስኳር ያዘው ብለው ይስቁብኛል» አለ። «ማሽን ቆረጠው በሉ። ማሽን ክብር አለው።» አልን። ጎረቤቱም አለ፤ አንቺም ይህን እየሰማሽ አደግሽ። ከእግሩ ይልቅ ያ ውሸት ተቆርጦ ቢጣል ኖሮ እኔና አንቺ በጊዜ እንመረመር ነበር።

ቁስሉ አጥንት አጠገብ ደርሷል። የሞተውን ሥጋ አጽድተው አውጥተውታል። መድኃኒት በደም ሥሬ፣ ኢንሱሊን በመርፌ ይገባል። ቀዶ ሐኪሙ «ሥጋው ካልሞላ ከቁርጭምጭሚት በላይ ስለ መቁረጥ እንነጋገራለን» አለኝ። ስለ መቁረጡ ብቻህን ተነጋገር አልኩት። ለሐኪሟ ግን የምትለውን ሁሉ እንደማደርግ ነግሬያታለሁ፤ መሬት አይርገጡ ብላኛለች፣ አልረግጥም። አንድ እግር ለዚህ በሽታ ሰጥተናል። ሁለተኛ አያገኝም።

የመጋዘን ኃላፊው ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ «አንተም ሆዳም ሆንክ?» አለኝ። ይገባኛል።

አንቱታውን ከጣልሽው አይቀር አታንሺው። «እርስዎ» ስባል የማልሰማው ብዙ ነገር ነበር።

ወንድምሽ


መጋቢት 15

ወንድም ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሁለቱም እግሮችህ አልጋው ላይ ይሁኑ። ሌላ ምኞት የለኝም።

የአባታችንን ነገር አነበብኩት። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። ማሽን እያልኩ ስንት ወረቀት ላይ ሞላሁ መሰለህ። ለሐኪሜ እውነቱን ነገርኩት። «ይህን ነበር የምፈልገው» አለ፤ ክኒን ጀመረልኝ። ከሥራ ወደ ቤት በእግሬ ነው የምመለሰው፤ ዳቦውን ቀንሻለሁ፤ በየጊዜው ደሜን ያየዋል። ተሰምቶኝ አይደለም፤ ምንም አይሰማኝም። እንደማይሰማ ካንተ ተምሬያለሁ።

ሽማግሌው በየጠዋቱ ካፖርቱን ሳያወልቅ «ሰውዬው ጮኸ?» ይለኛል። «ሐኪሞቹ ላይ ጮኋል» ስለው ደስ አይለውም። «በጫማ ነው የምልሽ» ይላል።

እግርህ ሲድን ሁለቱንም እንደገና ነድፈህ ላክልኝ። የድሮው ፎርማ አይሆንም፤ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ስፌት የሌለው እንሠራለን። ንጣፉን እንደገና ነጭ አደርገዋለሁ። በቀለም ምክንያት ሳይሆን፣ ደም ቢነካው ነጩ እንዲነግርህ ነው።

እባክህ ቶሎ ጻፍ። ነቀፋህ ናፍቆኛል።

ቁንጫ


ሰኔ 2

ለቁንጫ፣

ዘግይቻለሁ። በመሬት ላይ መቆም እስኪፈቀድልኝ ላልጽፍልሽ ወስኜ ነበር። አሁን ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፤ ወረቀቱ የመሣሪያው ሣጥን ላይ ነው።

ሥጋው ሞላ። ቀዶ ሐኪሙ ተረከዜን አገላብጦ አየና ምንም ሳይል ሄደ፤ ከእሱ በኩል ይህ ምስጋና ነው። ስሜቱ ግን አልተመለሰም። ሐኪሟ አይጠብቁት ብላኛለች። እግሬ ከእንግዲህ ዲዳ ነው። ስለዚህ እጄ ትናገርለታለች፤ ጠዋትም ማታም ሥሩን በመስታወት አያለሁ፣ ጣቶቼን ፈልቅቄ አያለሁ፣ እጄ ቀድማ ያልገባችበት ጫማ ውስጥ እግሬ አይገባም። ለሽማግሌው ሕጉ እኔም ጋ እንደሚሠራ ንገሪው።

መርፌውን ራሴ እወጋለሁ። ኢንሱሊኑ ሲበረታ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርድና እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ላብ ያሰምጣል፤ ለዚያ ብላ ሐኪሟ ኪሴ ከረሜላ እንዳያጣ አዘዘችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከረሜላ ንቄ አሁን በሐኪም ትእዛዝ ይዤ እዞራለሁ። ጢሙ በየመሃሉ «ጋሼ፣ አልተንቀጠቀጡም?» እያለ ኪሴን ያየዋል።

አሁን ስለ ቦዩ። ተኝቼ ሳለሁ ችካሌን ነቅለው ደፈኑት። ተረከዜ ገና እንደታሰረ፣ ሐኪሟን አስፈቅጄ፣ ጢሙና የሳይቱ ሹፌር ተሸክመው ሳይት አወጡኝ። በዚያ ቀን ውሃው ይሞከር ነበር። የከተማው ሰው ባልዲውን ይዞ ተሰልፏል፤ አቶ ይሁን እንጂ አዲስ ካፖርት ለብሷል። ከላይ ተከፈተ። ውሃው ወረደ፣ ወረደ፣ ጉብታው ጋ ሲደርስ ቆመ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ አንዲት አሮጊት «ኧረ የታለ ውሃው?» አሉ። አቶ ይሁን እንጂ አፉን ከፈተ፤ ምን ሊል እንደሆነ ሁሉም ስላወቀ ሳቁበት። መልሶ ገጠመው።

እንደገና ተቆፈረ። መሬት እንዳልረግጥ ስለታዘዝኩ ወንበር አስመጣሁ፣ ቦዩ አፍ ላይ አስቀመጥኩት፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ መሣሪያውን በቁመቴ ልክ አወረድኩና አንድ በአንድ ለካሁት። መነጽሩ ጥርት ብሏል። ያን ሁሉ ጊዜ የታገልኩትን ወንበር ተቀበልኩ ማለት ነው፤ የሚቀመጥበትን ቦታ ግን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ትናንት ውሃው ጋኑ ደረሰ። አሮጊቷ የመጀመሪያውን ባልዲ ወስደው ሁለተኛ ለመቅዳት ሲመለሱ ከወረፋው ጋር ተጣሉ። ደስ የሚል ጠብ ነበር።

ያለ ደብዳቤ በላክሁልሽ የእግሬ ንድፍ ልክ የሠራሽው አዲሱ ጫማ ደርሶኛል። እጄን አስገባሁ፤ አንድ ጊዜ አላመንኩም፣ ደገምኩ። ሚስማር የለም። ከዚያ ማስመሪያዬን አወጣሁ። የግራው ምላስ እንደገና ወደ ጎን ያደላል። የቀኙ ጎን ስፌት ሦስት ቦታ ላይ ሰክሯል፤ ስትሰፊው ከማን ጋር ታወሪ ነበር? የማሰሪያው አራተኛ ቀዳዳ ከጓደኞቹ ግማሽ ሚሊሜትር ወርዷል። የሣጥኑ ክዳን እንኳ አይገጥምም። አፈርኩብሽ! ይህን ሁሉ አርመሽ ሌላ ጥንድ ላኪ፤ እስከዚያው ይሄንኛውን አደርገዋለሁ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ክብሪት ቤት ታገኛለሽ። ሚስማሯ ያንቺ ንብረት ናት፤ መልሻለሁ። ለሽማግሌው ስጪውና ሰውዬው ጮኸ በዪው፤ በሁለት እግሩ ቆሞ።

ወንድምሽ